ከደብረ ብርሃን ሳይለቁ ሳይኮዳይናሚክ ሕክምናን መሠልጠን፦ ለአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ይህችን ሴት ታውቋታላችሁ። ለአምስተኛ ጊዜ ተመልሳ መጥታ "ያው ነው፤ ሆዴን ይቆርጠኛል" ትላለች። ላቦራቶሪ ልካችኋታል፤ መድኃኒት ጨምራችኋል፤ ቀይራችኋል። ሌላ የምትለው ነገር እንዳለ ትጠረጥራላችሁ፤ ከበሩ ውጭ ግን ወረፋው ረጅም ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥርጣሬ ይዘው በሳይኮዳይናሚክ ሕክምና፣ ማለትም ሰው ሳያውቀው የቀበረውን ስሜትና የቀድሞ ግንኙነቱን በንግግር በሚመረምር ሕክምና፣ ሥራ ሊሠሩበት ለሚፈልጉ የሥነ አእምሮ ነርሶች፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። እኔ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፤ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ላለ ባልደረባም እንዲያገለግል አድርጌ ሞክሬአለሁ።

አጫጭር ሥልጠናዎች ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ሁለት ቀን፣ ማለቂያ የሌለው ስላይድ፣ ሻይ በብስኩት፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬትና አበል። ከአንዱ በተመለስኩ ማግስት አንዲት ታካሚ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሰባት ደቂቃ ያህል ዝም አለች። ከስላይዶቹ አንዱም ትዝ አላለኝም፤ የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ የመጣው ከአንድ ርካሽ ደብተር፣ ከአራት ባልደረቦችና በሳምንት አንድ ሰዓት ከማይቀር ቀጠሮ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው ከታካሚ ጋር የተባለውን ቃል በቃል ጽፎ ለሌላ ሰው በማንበብ ላይ ነው።

በቅድሚያ፦ ምን ትሆናላችሁ፣ ምን አትሆኑም

ሳይኮአናሊስት፣ ማለትም ፍሮይድ የጀመረው የሳይኮአናሊሲስ ባለሙያ፣ የሚለው ስያሜ ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር የሚቀበለው ሥልጠና፣ ሠልጣኙ ራሱ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ለዓመታት የሚተነተንበት፣ የራሱንም ታካሚዎች በዚያው መጠን በክትትል ሥር የሚያይበት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ተቋም የለም። እዚህ የምንሠለጥነው የዘመናዊው ሳይኮአናሊሲስ ልጅ የሆነውን፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን ሳይኮዳይናሚክ ሕክምና ነው። በራችሁ ላይ "ሳይኮአናሊስት" ብላችሁ አትጻፉ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ "ሳይኮዳይናሚክ በሆነ መንገድ እሠራለሁ፤ ሱፐርቪዥን (የቀደመ ባለሙያ ክትትል) አለኝ" ማለት ትችላላችሁ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ዘመናዊው ከቀድሞው የሚለየው በምንድን ነው ለሚል ጠያቂ ባጭሩ፦ ፍሮይድ ትኩረቱን ከታመቀ ፍላጎት ጋር በሚደረገው ትግል ላይ አደረገ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሜላኒ ክላይን፣ ዊኒኮትና ቢዮን ወደ ሕፃኑና እናቱ ተመለሱ። ቦውልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለውን ቁርኝት በምልከታ አጠና፤ ባልደረባው ሜሪ አይንስወርዝ የመጀመሪያውን ሰፊ ጥናቷን ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዩጋንዳ ውስጥ ነው። የዛሬዎቹ ደግሞ ሕክምናውን በሁለት ሰዎች መካከል የሚሆን ነገር አድርገው ያዩታል፤ ባለሙያው ከውጭ ሆኖ የሚያነብ መስታወት መሆኑ ቀርቷል፤ ራሱም በጉዳዩ ውስጥ አለበት።

ይሠራል ወይ? ጆናታን ሼድለር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የታወቀ ግምገማ ከጠቀሳቸው ትንተናዎች አንዱ፣ ለአጠቃላይ የሕመም ምልክቶች የ0.97 የለውጥ መጠን አሳይቷል፤ ከረጅም ክትትል በኋላ ወደ 1.51 ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለአለቃችሁ ስታሳዩ ግን ጥናቶቹ የመንዝ ገበሬ ላይ የተሠሩ አለመሆናቸውን አብራችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 1፦ ወለሉን አስተካክሉ

ሳይኮዳይናሚክ ሕክምና በመሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና ላይ የሚገነባ ነው፤ እሱን አይተካም። ራስን የማጥፋት ሐሳብን ቀጥታ መጠየቅ፣ ሳይኮሲስን፣ ባይፖላርን፣ የአልኮል መቋረጥ ቀውስንና የታይሮይድ ችግርን መለየት ካልቻላችሁ እዚህ ላይ ቁሙ፤ መጀመሪያ እሱን ተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሕክምና መመሪያ ለዚህ በቂ መነሻ ነው። ለድንገተኛ ሁኔታ ወዴት እንደምትልኩ፣ በማን መኪና እንደሚሄድ፣ ሌሊት ማን ስልክ እንደሚያነሳ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን እግሮች እወቁ

እ.ኤ.አ. በ1920 ማክስ አይቲንጎንና ካርል አብርሃም በርሊን ውስጥ አንድ ክሊኒክ ከፈቱ። መክፈል ለማይችል በነፃ ያክም ነበር፤ ይህን የምጠቅሰው "ሳይኮአናሊሲስ የሀብታም ቅንጦት ነው" ለሚሉ ባልደረቦቼ ነው። እስከ ዛሬ ዓለም የሚከተለው የሥልጠና ቅርጽም እዚያው ነው የረጋው፦ የራስ ሕክምና፣ በክትትል ሥር የሚደረግ ሥራ፣ የንባብ ሴሚናር። እንደ በርጩማ ሦስት እግር ነው፤ አንዱ ከጎደለ ይወድቃል። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው አንዱን እግር፣ ንባቡን፣ ይዞ ሊቀመጥበት ይሞክራል፤ ፋይል አውርዶ ስልኩ ላይ ማከማቸት ቀላል ስለሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ ቡድን መሥርቱ

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ሙያቸው የተለያየ ቢሆን ይሻላል፤ የሥነ አእምሮ ነርስ የሚሰማውን ሐኪም አይሰማውም። አለቃና የበታች በአንድ ቡድን አይቀመጡ፤ ሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ውጤት የሚሞላለት ሰው ፊት ስህተቱን አያነብም።

ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን የደብረ ብርሃን ብርድ አስቡና ከመሸ በኋላ አታድርጉት፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ስለ ሰው ስቃይ ማሰብ ያቅተዋል። አበል የለም፤ ሻይ በየተራ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልተናገራችሁ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግማሹ ይቀራል።

አካሄዱን የምትወስዱት ማይክል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ከጠቅላላ ሐኪሞች ጋር ከሠራበት ዘዴ ነው። አንድ ሰው ያስቸገረውን ታካሚ ያቀርባል። ሌሎች እውነታን ለማጥራት ብቻ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ከዚያ አቅራቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዝም ይላል፤ ቡድኑ እሱ እንደሌለ ሆኖ ያስባል፦ ታካሚዋ ምን ተሰማት? ባለሙያው ምን ተሰማው? በመካከላቸው ምን ተደጋገመ? መጨረሻ ላይ አቅራቢው ይመለሳል። ምክር ክልክል ነው። ይህ ለእኛ ከባዱ ሕግ ነው፤ በሽምግልና ባህል ያደገ ሰው ችግር ሰምቶ መፍትሔ አለመስጠት እንደ ንፉግነት ይሰማዋል። የቡድኑ መሪ ዋና ሥራ "ብትነግሪያትስ" የሚለውን በአክብሮት ማቋረጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ሕፃን አስተውሉ

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ደረጃ ይህ ነው። ኤስተር ቢክ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን በሚገኘው ታቪስቶክ ክሊኒክ ለሠልጣኞች ያስጀመረችው ልምምድ ነው፦ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ አንድን ሕፃን በቤቱ፣ ከእናቱ ጋር፣ ከተወለደ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ማየት። ምክር አትሰጡም፣ እዚያ አትጽፉም፣ ሕፃኑን አታጫውቱም። ቤታችሁ ገብታችሁ ያያችሁትን ሁሉ ትጽፋላችሁ፤ በቡድን ታነቡታላችሁ። ወጪው የእግር መንገድ ነው።

እኛ አገር ሁለት ነገር ካልታሰበበት ይበላሻል። አንደኛው የሰው ዐይን ነው። አፍጥጦ ሕፃን የሚመለከት ዝምተኛ እንግዳ ለማንም እናት ደስ አይልም፤ ለአያት ደግሞ ጨርሶ። ስለዚህ የምታውቃችሁን ቤተሰብ ምረጡ፤ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ክርስትናው እስኪያልፍ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ጠብቁ፤ ስትገቡ "ማርያም ታሳድገው" በሉ፤ አያቲቱ ፊቱን በነጠላ ብትሸፍነው ሽፋኑንም አስተውሉ። ሁለተኛው ሙያችሁ ነው፤ ክትባቱን፣ ሳሉን፣ የጎረቤቷን ደም ግፊት ይጠይቋችኋል። ከመጀመሪያው "የመጣሁት ልማር ነው፤ ስለ ሕክምና ጤና ጣቢያው ይሻላችኋል" ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ጠባሴ ሰፈር የሆነውን እንደ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የአራት ወር ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፤ እናቱ ረከቦቱን አቅርባ ቡና ትቆላለች። በበሩ የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ዐይኑን ጨፍኖ መልሶ ከፈተ። እናቱ ከሰል ልታመጣ ወጣች። ልጁ አላለቀሰም፤ እጁ አየሩን ሲፈልግ ቆየና አጠገቡ የተጣለውን ነጠላ ጥለት አገኘ፤ ጨመደደው፤ ወደ አፉ ወሰደው። ሁለት ደቂቃ ያህል እሱን ሲጠባ ቆየ። እናቱ ተመልሳ "እኔ ጎበዝ!" ስትለው ወዲያው አላያትም፤ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ከዚያ ነው ቀስ ብሎ የተመለሰላት። እኔ በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ላነሳው እጄ እስኪያሳክከኝ ፈልጌ ነበር።

ይህን ጽፌ ሳነብ ቡድኑ ስለ ልጁ ትንሽ፣ ስለ እጄ ብዙ ተናገረ። ልጁ እኮ ችሎት ነበር፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዝም ካለች ታካሚ ፊት ስቀመጥ ያንኑ የእጅ ማሳከክ በምላሴ ላይ አገኘሁት፦ ዝምታው ውስጥ አንዳች ጥያቄ ልወረውር ስል።

ቡናውስ? ጠጡ። እምቢ ያለ እንግዳ ከጠጣ እንግዳ ይልቅ ቤቱን ይረብሻል። አንድ ሲኒ፣ ከተቻለ ዐይናችሁን ከሕፃኑ ሳትነቅሉ።

ደረጃ 5፦ ንባብ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ከሕልም ፍቺ አትጀምሩ፤ ብዙ ሰው እዚያ ገብቶ አልወጣም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1915 ባለው ጊዜ የጻፋቸውን አጫጭር የአሠራር ጽሑፎች አንብቡ፤ ባለሙያው እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ቀጠሮና ክፍያ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ሰው ማስታወስ ያቃተውን እንዴት በድርጊት እንደሚደግመው ይናገራሉ። ቀጥሎ ፓውላ ሃይማን እ.ኤ.አ. በ1950 የጻፈችውን አንብቡ፤ ባለሙያው ስለ ታካሚው የሚሰማው ስሜት ታካሚውን ለመረዳት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የተከራከረችበት ነው። ከዚያ ዊኒኮት፣ ከዚያ ቦውልቢና አይንስወርዝ፣ መጨረሻ ላይ ግንኙነት ተኮር የሆኑትንና ሜንታላይዜሽንን (የራስንና የሌላውን ውስጣዊ ሐሳብና ስሜት ማሰብ መቻልን) ያዳበሩትን እነ ፎናጊን። በወር አንድ ጽሑፍ ይበቃል። ቢዮንን ሁለተኛው ዓመት ላይ አምጡት፤ በመጀመሪያው ዓመት ያነበበው ሰው በዕንቆቅልሽ መናገር ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ክፍሉና ሥርዓቱ

ቀጠሮው 50 ደቂቃ ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ። ከገጠር የሚመጣ ታካሚ ከሆነ የሰፈሩን የገበያ ቀን ጠይቁና እሱን ያዙ፤ መኪና የሚገኘው ያን ቀን ነው፤ ጎረቤትም "የት ሄደ?" አይልም። የወሩ በዓላት ላይ ካረፈ፣ ሚካኤል ወይም ማርያም ከዋለ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ተነጋገሩበት። የግድግዳ ሰዓት ለሁለታችሁም በሚታይበት ቦታ ስቀሉ። በሩ ላይ "ሥራ ላይ ነን" የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ ሰው ካርድ ፍለጋ ብሎ ይገባል። ሲገባ "ይቅርታ" ብላችሁ አታልፉት፤ ከወጣ በኋላ ታካሚው የሚናገረውን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ያዙ።

አጠራር ላይ ቆም በሉ። ጤና ተቋማት ውስጥ "እማማ"፣ "አባባ" ማለት ለምደናል፤ በዚህ ሥራ ግን ወደ ልጅነት ወይም ወደ ቤተሰብነት ይጎትታል። "እርስዎ" ብሎ ጀምሮ እዚያው መጽናት ይሻላል። ከዚያ የታካሚውን አጠራር ተከታተሉ፤ "ዶክተር" ስትል የቆየች ሴት በስድስተኛው ሳምንት በድንገት "አንተ እኮ" ካለች አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል። ትራንስፈረንስ የሚባለውን፣ ታካሚው ከቀድሞ ሰዎቹ ያመጣውን ስሜት በባለሙያው ላይ ማኖሩን፣ ፈረንጆቹ በብዙ ድካም ይፈልጉታል፤ አማርኛ ግን በግሥ መድረሻ ላይ ያስቀምጥልናል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ እድር ላይ ትገናኛላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ንገሩ፦ "ውጭ ብንገናኝ እርስዎ ካልጀመሩ ሰላምታ አልጀምርም፤ ንቀት እንዳይመስልዎት።" ስጦታ ይመጣል፤ እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ የደብረ ብርሃን አረቄ። ትንሹን ተቀበሉ፣ ትልቁን በትህትና መልሱ፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ዛሬ ለምን እንደመጣ አብራችሁ አስቡ።

ጠበልን በተመለከተ ከታካሚያችሁ ጋር አትፎካከሩ። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ሳምንት ሱባኤ የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ተስማሙ፤ ሲመለስ እዚያ ማን አብሮት እንደነበረ፣ ምን እንደተሰማው ጠይቁ። ወዲያው "ከሕክምናው መሸሽ ነው" ብሎ መተርጎም ከመጽሐፍ የተቀዳ ስንፍና ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ታካሚና ደብተሩ

አንድ ታካሚ ብቻ ያዙ። በአሁኑ ጊዜ ሳይኮሲስ የሌለበት፣ ሕይወቱን ለማጥፋት አፋፍ ላይ ያልሆነ፣ ለመናገር የሚፈልግ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሊመላለስ የሚችል። ከግጭት ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ቅድሚያው ምግብ፣ ጣሪያና ደኅንነት ነው፤ ጥልቁን ሥራ መሬት ሲረግጥ ትደርሱበታላችሁ። ለግምገማ ሦስት ቀጠሮ ይበቃል፤ ከዚያ ለመቀጠል ትስማማላችሁ፤ ታሪኩን ስሙንና ሰፈሩን ደብቃችሁ ከሌላ ባለሙያ ጋር እንደምትመክሩበትም ነግራችሁ ፈቃዱን ትጠይቃላችሁ።

በቀጠሮው ጊዜ አትጻፉ። እንደወጣ ሃያ ደቂቃ ውሰዱና የምታስታውሱትን ቃል በቃል አስፍሩ፤ የእናንተንም ጭምር። የረሳችሁት ቦታ ላይ ባዶ መስመር ተዉ፤ የት እንደምትረሱም ከጊዜ በኋላ ይናገራል። ከብዙ ሰዎች ተቀላቅሎ ለማስተማሪያ የተሠራ አንድ ቁራጭ እነሆ። ታካሚዋ መነሻዋ ሞላሌ አካባቢ፣ ኑሮዋ ደብረ ብርሃን፣ ሕመሟ የሆድ ቁርጠት፤ ባለሙያው ወንድ።

እሷ፦ ዘገየሁ። ባጃጅ አጣሁ።
እሱ፦ መንገዱ ካስቸገረዎት ሦስት ሳምንት ሆነ።
(ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።)
እሷ፦ እርስዎም እኮ ባለፈው አልነበሩም።
እሱ፦ ስብሰባ ነበረብኝ። በስልክ ነግሬዎታለሁ።
እሷ፦ አዎ። ምን አለበት፣ ሥራ ነው። እናቴም ገበያ ስትወጣ እንዲሁ ነበረች፤ "አሁን መጣሁ" ትለኝና ጀምበር ስትጠልቅ።
እሱ፦ ሆድዎን መቼ መቼ ነው የሚቆርጠዎት?

ይህ ሲነበብ ቡድኑ መጨረሻው መስመር ላይ ይስቃል፤ ሳቁ የራስ ነው። ሴትዮዋ ለወራት ስትፈልገው የኖረችውን በር ከፈተች፤ ባለሙያው ወደ ሆድ ዕቃ ሮጠ። ወደ ኋላ ተመለሱ። "በስልክ ነግሬዎታለሁ" የተከሳሽ ቃል ነው፤ እሷ ግን ክስ አላቀረበችም፤ ናፍቄ ነበር ማለቷ ነው። "ምን አለበት" የሚለውን ደግሞ ከላይ ከላይ አትለፉት፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እናቷን የምትጠብቅ ልጅ ራሷን የምታባብልበት ቃል ነው። መዘግየቷም በተራዋ እሱን ማስጠበቅ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዛዊው ዴቪድ ማላን ይህን ለማየት የሰዎች ሦስት ማዕዘን የሚባለውን ያስተምር ነበር፦ በአንዱ ጫፍ የቀድሞ ሰዎች (እናት)፣ በሌላው የአሁን ሰዎች (ምናልባት ሥራ ብሎ የሚጠፋ ባል)፣ በሦስተኛው እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ባለሙያ። አንድ ዓይነት ነገር በሁለት ጫፍ ሲደገም መስመሩን ታገናኛላችሁ። ታዲያ ምን ማለት ይቻል ነበር? ቡድናችን የተስማማበት አጭር ነው፦ "እኔም አሁን መጣሁ ብዬ የጠፋሁ መሰለዎት።" ከዚያ ዝም ማለት። ልክ ከሆነ እሷ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ታርማችኋለች።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ ሰምና ወርቅ። ታካሚ በተናገረ ቁጥር ወርቁን አውጥቶ ማሳየት ያምረናል። ባለ ቅኔ ግን ወርቁን አውቆ ነው የሚቀብረው፤ ታካሚ የቀበረውን አያውቅም። ፈልቅቃችሁ ብታወጡለት ያደንቃችኋል እንጂ አይለወጥም። ሕልምም እንዲሁ ነው። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" ይባላል፤ ታካሚው ሕልሙን ነግሯችሁ ፍቺውን ሲጠብቅ ያንን ሥልጣን አትውሰዱ። "እባቡን ሲያስቡ ምን ይመጣልዎታል?" ብላችሁ ወደ እሱ መልሱት።

ደረጃ 8፦ ሱፐርቪዥን

የእኩዮች ቡድን ለብቻው አይበቃም፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ዐይኑ የታወረ ሊሆን ይችላል። ከእናንተ በብዙ የቀደመ አንድ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ወይም በቪዲዮ ከውጭ አገር። ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ስለ ዚያው አንድ ታካሚ። ኔትወርክ ሲቋረጥ በተራ ስልክ ጥሪ እንደምትቀጥሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሱፐርቫይዘሩ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ማስታወሻውን በሁለት ዓምድ ጻፉ፤ በግራ የተባለው እንደተባለ፣ በቀኝ ትርጉሙ። "ሆድ ባሰኝ" ያለችውን "አዘንኩ" ብላችሁ ብቻ ብታስተላልፉ በሆዷ የታመመች ሴት ሆድ ከታሪኩ ጠፋ። "ሆዴ ቻለው"፣ "ሆድ ይፍጀው"፣ "ከሆዴ አልወጣም" የሚል ሕዝብ መካከል የሆድ ቁርጠትን ያለ ቋንቋው ማየት አይቻልም። ለሱፐርቫይዘራችሁ ይህን አስረዱት፤ ጥሩ ከሆነ እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ስም ብቻ መቀየር ምስጢር መጠበቅ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የቀበሌ ስም፣ የልጆች ቁጥርና የባል ሥራ ከተገጣጠሙ መታወቂያ ነው፤ ሦስቱንም ለውጡ። ደብተሩ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይደር፤ የገጹን ፎቶ በስልክ መልእክት አትላኩ።

ደረጃ 9፦ የራስ ሕክምና

አብዛኛው ባልደረባ እዚህ ላይ ዐይኑን ያሸሻል። "እኔ ምን ሆኜ?" ይላል። ምንም ላትሆኑ ትችላላችሁ፤ ግን እናቷን የቀበረች ታካሚ ስታለቅስ ሁልጊዜ ሰዓት የምታዩት ለምን እንደሆነ ከወንበሩ በዚያኛው በኩል ካልተቀመጣችሁ አታውቁትም። የተነገራችሁን ሳይሆን መጠበቅን፣ ማፈርን፣ ባለሙያው ሲያዛጋ የሚሰማውን ቁጣ የምትማሩት እዚያ ነው።

አለቃችሁን፣ የቡድናችሁን አባል፣ ሱፐርቫይዘራችሁን አትምረጡ። ከተማው ትንሽ ስለሆነ በቪዲዮ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቤት ውስጥ ሰው ካለ ግን የቆመ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ማውራትም ያስኬዳል፤ አድርጌዋለሁ። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በሁለት ሳምንት፤ ገንዘቡ ከከበደ ስለ ክፍያው ግልጽ ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ ንግግሩ ራሱ ሕክምና ነው። የንስሐ አባት ያላችሁ ከሆነ ይህ የእሱን ቦታ አይወስድም፤ እሱ ኃጢአት ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ እዚህ ግን የሚፈታም የሚያስርም የለም።

ደረጃ 10፦ መጨረስ

መጨረሻውን ከወራት በፊት ተናገሩ፤ ቀኑንም ቁረጡ። ቀኑ ሲቀርብ የሆድ ቁርጠቱ ሊመለስ ይችላል፤ ወደ ላቦራቶሪ አትሩጡ፣ አደጋ ምልክት ካላያችሁ በስተቀር። ቀድማችሁ ልትጠፋም ትችላለች፤ ከምትተዋት ይልቅ ራሷ ቀድማ መተው ይሻላታልና። አንድ ቀጠሮ ብትቀር ቀጣዩን ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ ጠብቋት።

በመጨረሻው ቀን እስከ ግቢው በር ልትሸኟት ትፈልጋላችሁ፤ ያሳደገን ባህል ነው። እኔ የክፍሉ በር ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ገብታችሁ የመጨረሻውን ማስታወሻ ጻፉ፤ ምን ሳትናገሩ እንደቀራችሁ ጭምር። ያን ሰዓት፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓትም ይሁን ሌላ፣ ለሁለት ሳምንት ለማንም አትስጡት። ወንበሩ ፊት ለፊታችሁ ባዶ ሆኖ 50 ደቂቃ ተቀመጡ፤ የሚሰማችሁንም ጽፋችሁ ለቡድኑ አምጡት።